ልጄ አይበላልኝም! ስለ ምግብ መራጭ ልጆች ለጻፋችሁልን

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። ልጅ አልበላ አለ። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ካሉት ብቻ ሳይሆን ከዘጌም ከወረታም ጽፋችሁልናል። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ ሙሉውን ለዚሁ ሰጥተነዋል። ስም አላወጣንም፤ ደብዳቤዎቹንም ለቦታ ስንል አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ 3 ዓመቷ ነው። እስከ ዓመቷ ድረስ ያገኘችውን ትበላ ነበር። አሁን ስልክ ካልተከፈተላት አፏን አትከፍትም። ጎረሰች ስል ደግሞ ጉንጯ ውስጥ ወትፋ ትይዘዋለች። ሲብስብኝ አፍንጫዋን ይዤ እግታታለሁ። እሷም ታለቅሳለች፣ እኔም አለቅሳለሁ። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከአባይ ማዶ)

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ልለምንሽ። ማጋቱን ከዛሬ ጀምሮ ተዪው። አፍንጫው ተይዞ የሚጋት ልጅ አየር ለማግኘት ሲታገል ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ይሄ ሳንባ ምች ያመጣል፣ ከከፋም ያፍናል። «እኛም እየተጋትን ነው ያደግነው» የሚሉሽ ይኖራሉ። አትስሚያቸው።

አሁን የሚያረጋጋሽን ልንገርሽ። ልጅሽ ከዓመቷ በኋላ መብላት መቀነሷ ብቻውን በሽታ አይደለም። ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት የሚያድገው በጣም በፍጥነት ነው፤ 3 ኪሎ ሆኖ የተወለደ ልጅ ዓመት ሲሞላው 9 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። ከ2 ዓመት በኋላ ግን በዓመት የሚጨምረው 2 ኪሎ ገደማ ነው። እድገቱ ረገብ ሲል ረሃቡም ረገብ ይላል። በዚያ ላይ ከ2 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ አብዛኞቹ ልጆች የማያውቁትን ምግብ ይፈራሉ፣ ትናንት የወደዱትንም ዛሬ እንቢ ይላሉ። እኛ ደግሞ ሳህኑን እንደ ትልቅ ሰው እንሞላና ሲተርፍ እንደነግጣለን። ለ3 ዓመት ልጅ ከእያንዳንዱ ምግብ 3 የሾርባ ማንኪያ ያህል ለመጀመሪያ ይበቃታል። በዕድሜዋ ቁጥር ማለት ነው። ጨርሳ ጨምሪልኝ ካለች ትጨምሪላታለሽ።

ወደ ስልኩ እንምጣ። ስልክ እያየች የምትጎርስ ልጅ ምን እንደጎረሰች ልብ አትልም። ጣዕሙን አትለምደውም፣ ስትጠግብም አይታወቃትም። እኔ ቀስ በቀስ ከመቀነስ በአንዴ ማቆሙ ይቀላል ባይ ነኝ፤ ነገር ግን ቤቱ በሙሉ መስማማት አለበት፣ አባቷም ማዕድ ላይ ስልኩን ያስቀምጥ። ጉንጯ ውስጥ መወተፏ አንድም ጠግባ ነው፣ አንድም ጉርሻው በዝቶባት ነው። ጥርሷን ወይም ጉሮሮዋን አሟትም ሊሆን ስለሚችል አፏን እይላት።

የምግብ ሰዓቷን ቁርጥ አድርጊው። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ በመካከል ሁለት መክሰስ። ከዚያ ውጭ ውሃ ብቻ። ብዙ ጊዜ «ምንም አልበላችም» የምንላት ልጅ ቀኑን ሙሉ ስትቀማምስ ውላ ነው። ጠዋት ብስኩት፣ ረፋዱ ላይ የታሸገ ጁስ፣ ከሱቅ ቺፕስ፣ ከጎረቤት ከረሜላ። ምሳ ሲቀርብ ምን ረሃብ ይኖራታል? ወተትም ቢሆን በቀን ከሁለት ብርጭቆ አይለፍ። ሲበዛ የምግቡን ቦታ ይወስዳል፣ የብረት እጥረትም ያመጣል።

ከዚያ አብራችሁ ብሉ። ለብቻዋ አስቀምጠሽ አታብያት። ትሪው ዙሪያ ትቀመጥ፣ በገዛ እጇ ትብላ፣ ልብሷም ይቆሽሽ። ከሚቀርበው ውስጥ አንዱ የምታውቀውና የምትወደው ይሁን፤ ባዶ ድንችም ቢሆን። ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚበላ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ልብላ አልብላ፣ ምን ያህል ልብላ የሚለውን ለእሷ ተዪላት። ይሄ ለእኛ አገር እናት ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ጉርሻ ፍቅራችን ነው፣ «በሞቴ» ብሎ ማጉረስ የለመደ ሰው እጁን ሰብስቦ መቀመጥ ያስጨንቀዋል። አንዲት ጉርሻ በደስታ ከተቀበለችሽ አጉርሻት። ፊቷን ካዞረች ግን እዚያው አቁሚ፤ አትከተያት። ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይተሽ ሳትቆጪም ሳትለምኚም ትሪውን አንሺው። «በቃሽ? እሺ» ብለሽ ብቻ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት በጣም ትንሽ ልትበላ ትችላለች። አንጀትሽ ይላወሳል። ጤነኛ ልጅ ከሆነች ግን የሚቀጥለው መክሰስ ሩቅ አይደለም። በሁለት ቀን አትመዝኛት፤ የሳምንቱን ድምር ተመልከቺ። ሰኞ ምንም ያልበላች ልጅ ረቡዕ ላይ ስታካክሰው ታያለሽ።

ጥያቄ፦ ቤታችን ከሐይቁ ብዙም አይርቅም። ዓሣ ርካሽ ባይሆንም እንደ ልብ እናገኛለን። የ5 ዓመት ልጄ ግን ገና ሽታውን ሲሰማ አፍንጫውን ይዞ ይሮጣል። አንዴ አጥንት ወግቶት ነበር። እንዴት ላስለምደው? (አባት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጅህ የሚፈራበት ምክንያት አለው። አጥንት የወጋው ልጅ ዓሣውን መጥላቱ ትክክል ነው፤ ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከዓሣው ምርጫ ነው።

ነጭ ዓሣ የሚሉት ባርበስ ጣዕሙ ጥሩ ነው፣ ሥጋው ውስጥ የተሰገሰጉት ቀጫጭን አጥንቶች ግን ብዙ ናቸው። ለትልቅ ሰው እንጂ ለልጅ አይመከርም። አምባዛ እንዲህ ያለ ደቃቅ አጥንት አያበዛም፤ ሥጋው ስብ ስላለውና ሽታው ጠንከር ስለሚል ግን ለጀማሪ ልጅ አይሆንም። ቅርፊት ስለሌለው የማይበላበት ቤትም አለ። ለእንደሱ ያለ ልጅ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚሉት) ነው የሚሻለው። ሥጋው ነጭ ነው፣ ሽታው ለስላሳ ነው፣ ፊሌቶው በደንብ ከወጣ አጥንቱ አብሮ ይወጣል። እንደዚያም ሆኖ ከመጥበስህ በፊት ሥጋውን በጣትህ ዳብሰው፣ የቀረች አጥንት ካለች ታገኛታለህ።

ሽታው ደግሞ ካልቆየ ዓሣ አይመጣም። የዕለቱን ግዛ። ስንጥቡን ገልጠህ እይ፤ ቀይ መሆን አለበት። ዓይኑ የጠራ፣ ሥጋው ስትጫነው የሚመለስ ይሁን። ቤት ስትደርስ ሎሚ ጨምቅበት፤ ዓሣ የሚሸተውን ነገር አሲዱ ይቀንሰዋል። ከዚያ ትንንሽ አድርገህ ቆርጠህ፣ ዱቄት ነስንሰህ ጥበሰው። ወይም ቀቅለህ ከተፈጨ ድንችና ከትንሽ ሽንኩርት ጋር ለውሰህ እንደ ኮተሌት ጠፍጥፈው። በርበሬ አታብዛበት። ሚጥሚጣውን ለራስህ በሌላ ሳህን።

ከሁሉ በላይ ግን አንተ ፊቱ ብላ። ልጅ ዓሣ መብላት የሚማረው ሲመከር ሳይሆን ሲያይ ነው። «ቅመስ» አትበለው። ቁራሹን ሳህኑ ዳር አስቀምጥለትና ስለ ሌላ ነገር አውሩ። ነክቶ ከተወው፣ አሽትቶ ከተወው፣ ያም እርምጃ ነው። ከቻልክ አንድ ጠዋት ዓሣ አጥማጆቹ ሲገቡ ወደ ዳርቻው ውሰደው፤ ታንኳውንም መረቡንም ይይ፣ ዓሣውን በእጁ ይንካ፣ የሚገዛውን እሱ ይምረጥ። የመረጠውን ለመቅመስ ይጓጓል። ቶሎ ላይሆን ይችላል፣ ግን ልፋቱ ያዋጣል፤ ዓሣ ጥሩ ፕሮቲን፣ ዚንክና ቫይታሚን ቢ12 አለው። ከሽሮ ወይም ከምስር ጋር ትንሽ ዓሣ መብላት ደግሞ ሰውነት ከእንጀራውና ከጥራጥሬው ብረት በደንብ እንዲወስድ ይረዳል። ጨርሶ እንቢ ካለም ዓለም አትጠፋም፤ እንቁላል አለ፣ ሥጋ አለ፣ ምስርና ባቄላ አለ።

ጥያቄ፦ ሁለቱም ልጆቼ ጎመን አያዩም። እኔ አድቅቄ ከፍርፍር ጋር እደብቅላቸዋለሁ፤ አንዷን ቅጠል ካገኙ ግን ሳህኑን ይገፉታል። «ጎመን ከበላችሁ ቸኮላት እገዛለሁ» ብዬም ሞክሬ ነበር። (እናት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መደበቁ ለጊዜው ጥቅም አለው፣ አልከለክልሽም። ቅጠሉ ሆዳቸው ገብቷል። ነገር ግን በድብቅ የሚበላ ጎመን ጎመን መውደድን አያስተምርም፤ ሲያገኙት ደግሞ ፍርፍሩንም አብረው ይጠረጥሩታል። የደበቅሽው እንዳለ ሆኖ ግልጹም አጠገቡ ይቅረብ። ትንሽ፣ ሁለት ማንኪያ ብቻ።

ቸኮላቱን ግን ተዪው። ሽልማት ሲሰጥበት ልጁ የሚረዳው ጎመን መጥፎ ነገር እንደሆነ ነው፤ መጥፎ ባይሆን ለምን ይከፈልበታል? ልጅ አንድን አዲስ ምግብ እስኪለምድ ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። እኛ ሦስቴ አቅርበን «ይሄ ልጅ ጎመን አይወድም» እንላለን፣ ልጁ እየሰማ። ከዚያ በኋላ ስሙ ይሆናል። እባክሽ ይህን ንግግር ከቤትሽ አውጪው። «ገና አልለመደውም» በዪ።

የጎመን ምሬትም እውነት ነው፤ ልጆች መራራ ጣዕም ከእኛ ይበልጥ ይሰማቸዋል። ስለዚህ ባዶውን ቀቅለሽ አትስጪያቸው። በሽንኩርትና በዘይት ወይም በቅቤ ቁላው፣ ከድንች ጋር ቀላቅዪው፣ ወይም በዓይብ አቅርቢው። ዓይብ ያለበትን ጎመን የሚወድ ልጅ ብዙ ነው። ሳህኑ ላይ ሌላም ቀለም ይኑር። ዱባና ካሮት ጣፋጭነት ስላላቸው ቶሎ ይለመዳሉ፣ ሁለቱም ለዓይን የሚጠቅመውን ቫይታሚን ኤ ይሰጣሉ። ዱባ ወጥ በየቤታችን ለምን እንደተረሳ አይገባኝም፤ ርካሽ ነው፣ ሳይበላሽ ብዙ ይቆያል፣ ጥርስ ለሌለውም ይሆናል።

ቅዳሜ ገበያ ስትወጪ አንዱን ልጅ ይዘሽ ውጪ። አንድ አትክልት እሱ ይምረጥ፣ ራሱ ይሸከም። ቤት ሲደርስ ቅጠሉን ከአገዳው ይለይ፣ የአተር እሸቱን ይፈልፍል፣ ካሮቱን ይጠብ። ጊዜ ይወስድብሻል፣ ወጥ ቤቱም ይዝረከረካል። እየፈለፈለ አንዷን አተር አፉ ውስጥ ጣል ሲያደርግ ግን ሳህን ላይ ሆና ቢሆን የማይነካትን ነው የበላት።

ጥያቄ፦ ልጆቼ፣ የልጅ ልጄን የማሳድገው እኔ ነኝ። 4 ዓመቱ ነው። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ማታም ሻይ በዳቦ ነው የሚለኝ። ደግሞስ ጾም ሲገባ እንቁላሉንና ወተቱን ልስጠው ወይስ ይቅርበት? (አያት፣ ከዘጌ)

መልስ፦ እማማ፣ ጤና ይስጥልን። ይህን ልጅ ይዘው ማሳደግዎ ትልቅ ነገር ነው።

ሻዩ ይቅርበት እንላለን። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ነገር ከእህሉና ከጥራጥሬው የሚገኘውን ብረት ይይዘውና ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋል። ጤፍ የቱንም ያህል ብረት ቢኖረው ሻይ ከላዩ ከተጠጣበት ብዙው ይባክናል። ቡናም እንዲሁ ነው፤ በእናንተ አገር ቡናው ከጓሮ ስለሆነ ልጅም አተላውን መቅመስ ይለምዳልና ይጠንቀቁለት። ስኳሩ ደግሞ ጥርሱን ይጎዳል፣ ሆዱንም ሞልቶ ምሳውን ያስተዋል።

ግን እማማ፣ ልጁን ልብ ብለው ይዩት። የወደደው ሻዩን ነው ወይስ ዳቦውን መንከሩን? ብዙ ልጅ የሚወደው መንከሩን ነው። እንግዲያው ለብ ባለ ወተት ይንከር። ወይም በቀጠነ የምስር ወጥ፣ ወይም በአጥሚት። ስኳሩን በአንዴ ሳይሆን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይቀንሱለት፤ ሳያውቀው ይለምዳል። ደግሞ ዘጌ ላይ ሎሚ አለ፣ በወቅቱም ማንጎ አለ። ምስሩ ላይ ሎሚ ጠብ ያድርጉበት፣ ከምግብ በኋላ ማንጎ ይቁረጡለት፤ ቫይታሚን ሲው ብረቱን ወደ ሰውነት ያስገባል፣ ሻይ የሚያደርገውን ተቃራኒ ማለት ነው።

የጾሙ ነገር የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ግን ከ7 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ጾም አይታዘዝበትም። ስለ ጤናው ከጠየቁን ደግሞ፣ ይብላ። በዓመት ውስጥ ጾሙ ብዙ ነው፤ በዚህ ዕድሜው ያን ሁሉ ጊዜ እንቁላልና ወተት ቢቀርበት እድገቱ ይጎዳል። በብዙ ቤት ልጁ ሳይበላ የሚቀረው ማንም ስለከለከለው ሳይሆን ዕቃው ስለሚነካካ ነው። ለእሱ አንዲት ትንሽ ድስትና ሳህን ለብቻ ይለዩለት። እንቁላል ለመቀቀል አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ሽሮፕ ከፋርማሲ ገዝታ ልጇ በላላት። የኔ ልጅ 2 ዓመት ተኩል ነው፣ ቀጫጫ ነው፣ ሩዝ ብቻ ነው የሚበላው። ልግዛለት? (እናት፣ ከወረታ)

መልስ፦ አትግዢ። እንዲህ ካሉት ሽሮፖች አንዳንዶቹ የአለርጂ መድኃኒት ናቸው፤ ልጁን ያስተኙታል፣ ሲቆምም ፍላጎቱ ተመልሶ ይወርዳል። ሐኪም አይቶ ካላዘዘው ለልጅ አይሰጥም።

በሽሮፑ ፈንታ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፣ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አግኚያት። ክብደቱና ቁመቱ ይለካ። የክንዱ ዙሪያም በሜትር ይለካል፤ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ክትትል ይፈልጋል፣ ከ11.5 በታች ከሆነ ደግሞ አፋጣኝ ሕክምና ነው። በዓይን ማየት አይበቃም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው ቀንጭረው ነበር። ይህ የሆነው እህል በሌለበት ብቻ አይደለም፤ ጎተራው ሞልቶ ሳህኑ ላይ አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ በሚውልበት ቤትም ነው። የቀነጨረ ልጅ ደግሞ የግድ ቀጫጫ አይሆንም፣ ለዕድሜው አጭር ነው እንጂ፤ ሳይለካ አይታወቅም። ቀጫጫውም ቢሆን ተለክቶ ደህና ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሆዱ ውስጥ ትል ካለም ፍላጎቱን ይዘጋዋል። ከ2 ዓመት ጀምሮ በየ6 ወሩ የትል መድኃኒት ይሰጣል፣ ቫይታሚን ኤውም ከ6 ወሩ ጀምሮ በየ6 ወሩ። ወስዷል? አፈር የሚበላ ከሆነ፣ ክብደቱ ከቀነሰ፣ የሚያስቀምጠው ወይም ቶሎ ቶሎ የሚያስመልሰው ከሆነ፣ ጠንከር ያለ ምግብ ሲውጥ የሚታነቅ ከሆነ ቀጠሮም አትጠብቂ፣ ሂጂ።

ሩዙን አልጠላሁትም። ወረታ ያለችበት የሩዝ አገር የፎገራ ሰው ሩዝ ቢወድ ምን ይገርማል! ነገር ግን ነጭ ሩዝ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ለልጅ አይበቃም። የሚወደውን ሳትነሺው ከጎኑ ጨምሪለት። መጀመሪያ ምስር፣ ሲለምድ እንቁላል ሰብረሽ አብረሽ አብስዪው፣ ቀጥሎ ካሮት ፈቅፍቀሽ ጨምሪ። አንድ በአንድ። ሦስቱንም በአንድ ቀን ካደረግሽው ሩዙንም ይተውብሻል።

ጥያቄ፦ የ2 ዓመት ልጄ ከቆሎ በቀር ምንም መክሰስ አይወድም። ይጎዳዋል እንዴ? (እናት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ቆሎው ምግብነቱ ጥሩ ነው፣ ለ2 ዓመት ልጅ ግን አደገኛ ነው። እስከ 4 ዓመቱ ቆሎ፣ ለውዝና ፈንዲሻ አትስጪው። እየሮጠና እየሳቀ ሲቆረጥም አንዷ ፍሬ አየር ቧንቧው ውስጥ ልትገባ ትችላለች። የተቆላ እህል ጣዕሙን ከወደደው በሶ አለልሽ፤ በውሃ በጥብጪለት ወይም በትንሽ ቅቤ ለውሰሽ ስጪው። ማር ልትጨምሪበትም ትችያለሽ፣ ዓመት ስላለፈው ችግር የለውም። ታናሽ ካለው ግን ዓመት ሳይሞላው ማር እንዳታቀምሺው። ንፍሮም ይሆናል፣ በደንብ በስሎ፣ በጣትሽ ስትጫኚው የሚደቅ ከሆነ።